እዚያ የለም

የልጅ ልጁ ማን እንደሆነ ማወቅ የማይፈልግ አያት በመንደሩ ውስጥ ቢኖር ማዴ ካሌር ብቻ ነበር።

ሌላው አያት ሁሉ ይቸኩላል። ሕፃን ሲወለድ ገና እትብቱ ሳይደርቅ «ማን ይሆን የመጣው? አባቴ ይሆን? ያቺ ደግ አክስቴ ትሆን?» እያለ አፍንጫውን ያያል፣ ጆሮውን ያገላብጣል። ነፍስ እንደ አዲስ አትሠራማ። የነበረችው ናት ተመልሳ የምትመጣው፣ ያውም ወደ ገዛ ቤቷ። ሕፃኑ መቶ አምስት ቀን ሞልቶት እግሩ መሬት ከመርገጡ በፊት ጀሮ ዘንድ ተኪዶ ይጠየቃል፤ ጀሮ ማለት ሙታን በአፏ የሚናገሩባት ሴት ናት። የመጣው ሰው ማንነቱን ይናገራል፣ የጎደለበትን ይጠይቃል፣ የጠየቀው ይሟላለታል፣ ልጁም ሰላም ሆኖ ያድጋል።

ካሌር ግን ዘጠና ስድስት ቀን ሙሉ ሰበብ ሲደረድር ከረመ። አንዴ የሩዝ ማሳው ውኃ የሚከፋፈልበት ጊዜ ነው አለ፤ የመንደሩ የውኃ ዳኛ እሱ ስለሆነ ማንም አልተከራከረውም። አንዴ ወገቤን አለ። አንዴ ደግሞ ጀሮዎች ሁሉ አጭበርባሪዎች ናቸው ብሎ አረፈው። ይህን የሚለው ሰውዬ ካቻምና ላሙ ስትጠፋበት ሦስት ቀን ሙሉ ጀሮ ደጅ ሲመላለስ የሰነበተ ነው።

የሚፈራው አንድ ሰው ነበር፤ ታላቅ ወንድሙን ዋያን ሱክራን። ተራራው በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰው ኮሙኒስት ነው እየተባለ በስም ዝርዝር እየተለቀመ በሚወሰድበት ጊዜ፣ የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ የነበረውን ሱክራን አሳልፎ የሰጠው ካሌር ነው። ሠላሳ ዓመት አለፈው። ከካሌር በስተቀር ይህን የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። የሱክራ ሚስት ራስሚ እንኳ አታውቅም። እሷ እስከ ዛሬ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከካሌር ጋር ከአንድ ድስት እየበላች ትኖራለች፤ የካሌር ሚስት በወሊድ ስትሞትበት ልጁን ዳርታን አዝላ ያሳደገችለትም እሷው ናት። እንግዲህ ሱክራ ተመልሶ መጥቶ፣ በራስሚ ፊት፣ በልጁ ፊት፣ በጀሮ አፍ «አንተ ነህ» ቢለውስ? ካሌር ሕፃኑ ከተወለደ ወዲህ የረባ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ሕፃኑም ነገሩን አባሰው። ሁለት ወር ከሞላው በኋላ ጡት እምቢ ማለት ጀመረ። ጠዋት ትንሽ ይቀማምሳል፤ ፀሐይ ዘንበል ስትል ግን ይጮኻል፣ ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል። ጤና ጣቢያ ወሰዱት፣ አገላብጠው አይተው ምንም አላገኘንበትም አሏቸው። ጉንጩ ሟሸሸ። በእጁ ላይ የታሰረለት ነጭ ክር ላልቶ እስከ ክርኑ ይወጣ ጀመር።

«ነገ እንሄዳለን» አለች ምራቱ ሚራ በዘጠና ስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሕፃኑን በነጠላ ጨርቅ ጎኗ ላይ አንጠልጥላ። ሚራ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ቤት ውስጥም ስትናገር ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ የቆመች ትመስላለች።

«ነገ እኮ የቦዩ ስብሰባ አለብኝ» አለ ካሌር።

«አባባ፣ የቦዩ ስብሰባ የትም አይሄድም። ይሄ ልጅ ግን እንዲህ ከቀጠለ አይሰነብትልኝም።»

ካሌር መላ ፈለገ። «እሺ፣ ታች ሰፈር ያለችው ጀሮ ዘንድ እንሂዳ። ምን ሩቅ አስኬደን?»

«እሷማ ጥሩ ናት» አለች ራስሚ ኮኮናት እየፋቀች፣ ቀና ሳትል። «የኛን ቤት ጉድ ከኛ የበለጠ ታውቀዋለች። ምኗን ነው የምንጠይቃት? ማንም የማያውቀን አገር ነው የሚኬደው። ወጉ እንደዛ ነው፤ አንተ ዛሬ ነው እንዴ የተወለድከው?»

ዳርታ ሩዙን እየጎረሰ ሳቀ። «እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ነፍሱ ድሮውኑ የነበረች ከሆነ እኔ ታዲያ ምን ሠራሁ? ልጅ ወለድኩ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ አብልቼ።»

«አንተማ በር ከፈትክ» አለችው ራስሚ። «እንግዳው ከየት እንደመጣ አታውቅ፣ ስንት አገር አቋርጦ እንደመጣ አታውቅ፤ በሩን ስለከፈትክለት ብቻ እኔ ነኝ የሠራሁት ትላለህ።»

«በሩንም ሲከፍት እንቅልፍ እያዳፋው ነበር» አለች ሚራ።

ሁሉም ሳቁ። ካሌርም አብሮ ሳቀ፣ የጥርስ ሳቅ።

ይህ የነፍስ ነገር ለካሌር አዲስ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ቄስ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ መጥተው ሲያስተምሩ፣ ግማሹ ሰው ሲያዛጋ፣ ግማሹም በልቡ ዶሮውን ሲያፋልም፣ ጆሮውን ጥሎ ያዳመጠው እሱ ነበር። ዓለም ይፈጠራል፣ ያረጃል፣ ይፈርሳል፣ እንደገና ይፈጠራል፤ ነፍስ ግን ያኔም ነበረች አሉ ቄሱ። አምላክ ዓለምን ሲዘረጋ ነፍሳትን አልሠራቸውም፣ ቀድሞውንም ነበሩ፤ ጀማሪ የላቸውምና ጨራሽም የላቸውም። ማንም ሊያጠፋቸው አይችልም።

ማንም ሊያጠፋቸው አይችልም! ታዲያ ሱክራን ማን ገደለው? ማንም። ካሌር ያቺን ቃል እንደ ከረሜላ ሲመጥጣት ኖረ። ሌሊት ሲባንን ይላታል፣ ቦይ ሲጠርግ ይላታል። ሰው ራሱን ነፃ ለማውጣት ቆርጦ ከተነሣ የማይታዘዝለት ትምህርት የለም። አሁን ግን ያችው ቃል ዞራ መጣችበት። የማይጠፋ ሰው ይመለሳል። ወደ ገዛ ቤቱ ይመለሳል።

በማግሥቱ በሚኒባስ ወደ ምሥራቅ ኮረብታዎች ወጡ። ራስሚ ሩዝ፣ አበባና ክር የያዘውን ቅርጫት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከካሌር አጠገብ ተቀመጠች። ስድሳ ዓመቷ ነው፤ መንገዱ ሲያንገጫግጫቸው ትከሻዋ ትከሻውን ይነካዋል፣ እሱም በነካችው ቁጥር ወደ መስኮቱ ሸሸት ይላል።

ራስሚ ባሏ ሞቷል ብላ አታምንም። ከተወሰዱት ውስጥ አንዳንዶቹ በመርከብ ተጭነው ሩቅ ደሴት ተልከዋል ሲባል ሰምታ ነበር፤ ያቺን ወሬ ያዘቻት፣ አልለቀቀቻትም። አስከሬን ባይገኝ እንኳ የዘንባባ ቅጠል ምስል ተሠርቶ ይቃጠላል፤ ያልተቃጠለ ሰው ነፍሱ አባቶቹ ዘንድ አትደርስም፣ መሀል መንገድ ትቀራለች። ከስምንት ዓመት በፊት መንደሩ ሙታኑን በአንድ ላይ ሲያቃጥል፣ ካሌር ጨንቆት «እትዬ፣ ለጋሼም እናድርግለት» ብሏት ነበር። «ሲሞት ያየ ሰው አምጣልኝ» አለችው። «ቆሞ የሚሄድ ሰው አላቃጥልም።» ካሌር ያን ጊዜ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ሠላሳ ዓመቱም እንዲህ ነው ያለፈው፤ ሲከፍት ሲዘጋ።

የጀሮ ግቢ በባለጉዳይ ተሞልቶ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ነጭ የለበሰች ወፍራም ሴት፣ ጥርሷ በሚታኘክ ቅጠል የቀላ፣ ከቀርከሃ መደብ ላይ ሆና አንዴ አየቻቸው። «የሕፃን ነው?» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። የሩዝ ፍሬ አንሥታ በሕፃኑ ግንባር ላይ ለጠፈች፣ ጥቂት አጉረመረመች፣ ከዚያ አንገቷ እንደ ተኛ ሰው ደረቷ ላይ ወደቀ። ሕፃኑ ጸጥ ብሎ ያያታል። ቀና ስትል አፏ ወደ ቀኝ ተጣሞ ነበር።

«ማነው የጠራኝ?»

የወንድ ድምፅ ነው። 

«እኛ ነን፣ የቤትዎ ሰዎች» አለች ራስሚ፣ ወጉን ስለምታውቅ። «ማን ልበል?»

«ከዚያ ግቢ የወጣሁ ነኝ። ሳልጠግብ የወጣሁ ነኝ።»

ሳልጠግብ የወጣሁ! ሱክራ ሲወሰድ ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ካሌር እግሬ አውጪኝ ለማለት በሩን በዓይኑ ፈለገ፤ በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሏል።  ዳርታ በግራው፣ ራስሚ በቀኙ፤ መሀላቸው ተጣብቆ ተቀምጧል።

«ካሌር አለ?»

«አለሁ» አለ፣ ለራሱም በማይሰማ ድምፅ።

«የላይኛው ቦይ ድንጋይ ዛሬም ያፈሳል?»

ከዚያ ሦስት ጊዜ ደረቅ ሳል ሳለና ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ሳል ካሌር በሺህ ሳል መሀል ይለየዋል። አባቱ ነበር። ከእሱ በፊት የውኃ ዳኛ የነበረው፣ ተራራው በፈነዳበት ዓመት አዝመራው አመድ ሲለብስ አልቅሶ የሞተው አባቱ፤ በወጉ የተቃጠለ፣ በወጉ የተሸኘ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ምኑንም የማያውቅ ሰውዬ። ካሌር ሳቁ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው።

«አባባ! ያፈስ ነበር፣ አሁን ሲሚንቶ አድርገንበታል።»

«ሲሚንቶ» አለ ድምፁ፣ በንቀት።

ሚራ ሕፃኑን ጠበቅ አደረገችው። ዳርታ ፊቱ በራ፤ አያቱን በስም ብቻ ነው የሚያውቀው። ራስሚ አጎንብሳ በአክብሮት ጠየቀች። «አባባ፣ እንኳን ደህና መጡልን። ምን ጎደለብዎት? ለምን ጡት እምቢ አሉን? ይንገሩንና እናሟላ።»

 

«ሱክራን ፍለጋ ነው የመጣሁት» አለ ድምፁ። «እዚያ የለም። አባቶቼ ሁሉ አሉ። እናቱ አለች። ጡት ሳትጥል የሞተችው እህታችሁ እንኳ አለች። ሱክራን ስጠይቅ ያየው የለም። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፤ ሰለቸኝ። የት አደረጋችሁት ልጄን? እሱ እስኪነገረኝ ድረስ እህል ውኃ በአፌ አይዞርም።»

«የለም?» አለች ራስሚ። ቅርጫቱ ከጉልበቷ ወደቀ። «እዚያ የለም?»

«የለም።»

ከዚህ በኋላ ጀሮ አንገቷን ደፋች። ስትነቃ ውኃ ጠየቀች፣ ጠጣች፣ አፏን ጠርጋ «አገኛችሁ?» አለቻቸው፤ የተናገረችውን እሷ አታውቀውም።

ራስሚ ግን አልሰማቻትም። ወደ ካሌር ዞረች። ያን ፊቷን ካሌር ካየው ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ የሙሽራ ፊት ነበር።

«ሰማህ?» አለችው። «ሙታን ዘንድ የለም። ሁሉንም ጠይቀው አጡት። በሕይወት አለ ማለት ነው፣ ካሌር። አላልኳችሁም? ምስሉን አላቃጥልም ስላችሁ እንደ እብድ አላያችሁኝም?»

ሊነግራት የሚገባው አንድ ሰው ነበር፣ አልነገራትም። ሞቶ ያልተቃጠለ ሰው እዚህም የለም፣ እዚያም የለም፤ ይህን ዳርታም ያውቃል፣ ሚራም ታውቃለች። ግን ሱክራ መሞቱን በምን ያውቃሉ? ስለዚህ ተያዩ እንጂ አላረሟትም። ካሌር ወድቆ የተበተነውን አበባ ይለቅም ጀመር፤ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀና ማለት ስላልቻለ።

ሲመለሱ ራስሚ ሚኒባሱ ውስጥ አፏን አልገጠመችም። «አሁን ስድሳ ሁለት ይሆነዋል። ሸብቷል። የነሱ ዘር መላጣ አይደለም፣ ሸብቶ ነው የሚሆነው። ሌላ ሚስት አግብቶም ይሆናል፤ እኔ አልቆጣም፣ ሰው ሠላሳ ዓመት ብቻውን አይኖርም።» ከፊት የተቀመጡ የማታውቃቸው ሴቶች እንኳ ዞረው እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችው ሚራ ካሌርን። «መንገዱ ነው» አላት።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው መንደሩን አዳረሰው። ጎረቤቶች መጡ፤ አንዷ ሙዝ ይዛ መጣች፣ አንዱ የቅርንፉድ ሲጋራውን እያጨሰ ከሱክራ ጋር የተማረበትን ዘመን ያወራ ጀመር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ እንኳ የማይነሣ ስም በአንድ ጠዋት በየአጥሩ ይጠራ ገባ። ካሌር ወደ ማሳ ሸሸ፤ እዚያም የሚያገኘው ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ወንድምህ!» ይለዋል። ወደ ቤት ተመለሰ። ራስሚ ዳርታን ይዛዋለች።

«ሰኞ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ትወስደኛለህ። የተላኩትን ሰዎች መዝገብ አሳዩኝ እላቸዋለሁ።»

«እማማ፣ እንደሱ አይባልም» አለ ዳርታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መዝገብ ውስጥ ቀይ ምልክት ይደረግብናል። ሚራ የመንግሥት ሠራተኛ ናት።»

«ይደረግብና! እኔ ምን ቀረኝ?»

ካሌር ከቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ምን ክፋት አለው? በዚህ ዕድሜዋ ደስ ቢላት ምን ይጎዳል? መዝገብ ይፈልጋሉ፣ ያጣሉ፣ ሌላ መዝገብ ትፈልጋለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ታረጃለች። ነፍስ እንደሆነች አትሞት። ወንድሙ መሀል መንገድ ቢቀር ለዘላለም ነው እንዴ የሚቀረው? እዚህ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ቀጥ አለ። አዎ፣ ለዘላለም ነዋ! ጨራሽ ከሌላት ጥበቃዋም መጨረሻ የለውም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ይህን አላሰበውም፤ ወይም አስቦ ዞር በል ብሎታል። 

ፀሐይ ዘንበል ስትል ሕፃኑ ጀመረ። ጩኸቱ እንደ ትናንቱ አልነበረም፤ ሰለል ያለ፣ አቅም ያነሰው ነበር። ሚራ ከወዲያ ወዲህ አመላልሳው ሲያቅታት መጥታ ካሌር ጭን ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ ቀልቷል። አስተማሪነቷ ሁሉ የለም።

«አባትዎ ናቸው» አለችው። «እኔን አልሰማ ብለዋል። እስቲ እርስዎ ያናግሯቸው፤ በሕይወት አለ ብለው ይንገሩልኝ። ምናልባት ይበቃቸው ይሆናል።»

ካሌር ሕፃኑን አየው። ሕፃኑ ጩኸቱን አቁሞ ቀጥ ብሎ አየው። ካሌር አፉን ከፈተ። በሕይወት አለ ሊለው ነበር። ለራስሚ ሠላሳ ዓመት በዝምታ የዋሸ ሰው ለዚህ ጥርስ ላላበቀለ ፍጡር ሁለት ቃል መዋሸት አቃተው።

በዚያው ሰዓት ራስሚ ከጓዳዋ ወጣች። እጇ ላይ ነጭ ሸሚዝ ይዛለች፣ ከመታጠፍ ብዛት መስመሩ ቢጫ የሆነ። በአየር ላይ ዘርግታ በካሌር ደረት ላይ ለካችው።

«ይጠበው ይሆን?» አለች። «ወይስ ከስቶ ይሆን?»

«እትዬ» አለ ካሌር። «እጠፊው።»

«ምኑን?»

«ሸሚዙን። አይመጣም። ሲሞት ያየ ሰው አምጣልኝ ብለሽኝ ነበር። እኔ ነኝ ያየሁት።»

ዳርታ ከግቢው መሀል ዞረ። ካሌር ሕፃኑን እያየ ነው የሚናገረው፤ ወደ ሌላ ቦታ ቢያይ እንደሚያቆም ያውቃል። ሰው የሚለቅሙት ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ጎረምሶች መጥተው «ወይ እሱ ወይ አንተ» እንዳሉት ነገራት። ሱክራ የኮኮናት ልጣጭ የሚከመርበት ጎጆ ውስጥ፣ ከክምሩ ሥር ተደብቆ እንደነበር፣ ምግብ የሚያደርስለት ካሌር ብቻ እንደነበር ነገራት። ጎረምሶቹ ከዛፎቹ ጀርባ ቆሙ፤ ካሌር ጎጆው ደጃፍ ቆሞ ጠራው። ሱክራ ልጣጩን ከፀጉሩ እያራገፈ ወጣ። ከዚያ እስከ ባሕሩ ዳር አስኬዱት፤ አካፋውን ያሸከሙት ካሌርን ነበር።

 ካሌር ይመቱኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢመቱት ደስ ባለው።

«ምን ብለህ ጠራኸው?» አለች ራስሚ። ሸሚዙ እንደተዘረጋ እጇ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ና ውጣ፣ ሄደዋል አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። እኔን ሲያይ ፈገግ አለ።»

ራስሚ ሸሚዙን አጠፈችው። አራት ቦታ አድርጋ፣ በመዳፏ እየተጫነች። ከዚያ ሕፃኑን ከካሌር ጭን ላይ አንሥታ ለሚራ ሰጠቻት። «ከእጁ ውሰጂው» አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ቅርጫት ይዛ ወጣች፤ ውስጡ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ነጭ ክርና የተጠለፈ የዘንባባ ቅጠል ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ በአንድ አፍታ አይሰናዳም። ሰው ሜዳ ላይ በቀረ ጊዜ ነፍሱ የምትጠራበት ዕቃ ነው። ስንት ዓመት እያደሰች እንዳስቀመጠችው ማን ያውቃል፤ ይህች ባሏ ሞቷል ብላ የማታምን ሴት።

«ተነሥ» አለችው። «አሳየኝ።»

ባሕሩ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። እሷ ከፊት፣ ካሌር ከመሀል፣ ዳርታ ቅርጫቱን ይዞ ከኋላ። ዳርታ ለአባቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አንዴ ካሌር ተደናቅፎ ሲንገዳገድ እንደ ልማዱ ሊይዘው እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ መልሶ ሰበሰበው።

አሸዋው ጥቁር ነው። ካሌር ጀርባውን ለመጨረሻዎቹ ዛፎች ሰጥቶ ቆመና ወደ ባሕሩ ሃያ ሰባት እርምጃ ቆጠረ፤ ቁጥሩን አልረሳውም። «እዚህ ጋ» አለ። ሌሎችም እንዳሉ፣ ብቻውን እንዳልሆነ ነገራት። ፀሐይ ገና ከባሕሩ በላይ ነበረች። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን እየጎተቱ ወደ እነሱ ያያሉ፣ ጠጋ ግን አይሉም።

ራስሚ ተንበርክካ ዕቃውን ደረደረች። ክሩን ከቅጠሉ ወደ አሸዋው ዘረጋችው፤ የምትመጣው ነፍስ ያን ተከትላ ነው ቅጠሉ ላይ የምታርፈው።  ሁሉን ስታበቃ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ ተቀመጠች።

«ጥራው» አለችው።

«እኔ?»

«በዚህ ቤት ወግ የሚጠራው ደም ነው። እኔ ሚስት ነኝ፣ ለኔ አይመጣም። ዳርታ አላየውም። ካንተ ሌላ ማን አለው?»

ካሌር ቆመ።  ነፍስ አትፈጠርም፣ አትጠፋም፤ እንግዲህ እዚሁ ናት፣ እግሩ ሥር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነቅታ። ድምፁን ታውቀዋለች። ድምፁን ብታምነው ነው አንዴ የወጣችው። በምን ቃል ይጥራት? ከዚያኛው ሌላ ቃል ፈለገ፣ አጣ። ወንድምን ከተደበቀበት ለመጥራት ያለው ቃል ያው አንድ ነው።

«ጋሼ» አለ። «ና ውጣ። ሄደዋል።»

ድምፁን ማዕበሉ ዋጠው። ዳርታ ፊቱን አዞረ።

«ጋሼ! ና ውጣ፣ ሄደዋል!»

ክሩ በነፋሱ ትንሽ ተነሣና መልሶ አሸዋው ላይ ተኛ። ራስሚ ክሩን ታያለች፣ ካሌርን አታየውም። ካሌር ሦስተኛ ሊጠራ ሲል ድምፁ ተሰበረ፣ ተንበረከከ፣ አሸዋውን በሁለት እጁ ያዘ። «አይመጣልኝም እትዬ» አለ እያለቀሰ። «እንዴት ብሎ ይመጣልኛል?»

«እንደገና ጥራው» አለችው። «እስኪያምንህ ድረስ።»